አንድም ያላለው ተርጓሚ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 በአምስት ዙር ተከፍሎ በ110 ክፍሎች የታየው «ኤንጀል» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ፣ ነፍሱ በእርግማን ስለ ተመለሰችለትና የቀደመ ግፉን በንስሐ ለማጠብ ስለሚደክም አንድ ደም መጣጭ ቫምፓየር የሚተርክ ነው፤ ከእንዲህ ያለው ተረት ቁም ነገር እናገኛለን ብሎ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ወዳጆቹ ከሃያ ዓመት በላይ ሳያቋርጡ የሚሟገቱበት አንድ ጥያቄ ግን በሊቃውንት ጉባኤ ቢነሣ የሚያሳፍር አይመስለኝም። ጥያቄውም፣ ዌስሊ የተባለው የባለታሪኩ ባልንጀራ ከዳተኛ ነውን ወይስ ታማኝ የሚል ነው።

ዌስሊ ጥንታውያን ልሳናትን ጠንቅቆ ያወቀ ብራና አንባቢ ነው፤ ኤንጀልና ባልንጀሮቹ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከርኩሳን መናፍስት ጋር ሲጋደሉ የእርሱ ድርሻ ይበልጡን ትንቢትና ድግምት መፍታት ነበር። ለኤንጀል፣ ከተፈጥሮ ሥርዓት በወጣ ነገር፣ ኮነር የተባለ ወንድ ልጅ በተወለደለት ሰሞን ይህ ተርጓሚ አባት ልጁን እንደሚገድል የሚናገር ቃል ከአንድ ጥቅልል ላይ አገኘ። ምነው ተሳስቼ በሆነ እያለ ደጋግሞ መረመረው፤ ቃሉ ግን ያው ሆነበት። እንዲያውም በሃምበርገር መሸጫ ደጃፍ በቆመ ሐውልት አድሮ የሚናገር አንድ መንፈስ (የዴልፊን ጠንቋይ እስከዚህ ማውረድ የአሜሪካ ደራስያን ቀልድ ነው) የምድር መናወጥ፣ እሳትና ደም ምልክት እንደሚሆኑ ነገረው። ብዙ ሳይቆይ ምድር ተናወጠች፣ የኤንጀል ክፍል በእሳት ተያያዘ፣ አባትየውም ልጁን አቅፎ ከቃጠሎው ሲያወጣ ከቁስሉ የወረደው ደም በሕፃኑ መጠቅለያ ላይ ነጠበ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ አባት ልጁን ያዳነበት ያ ሰዓት ራሱ፣ ለተርጓሚው ልጁን የሚገድልበት ቀን መቅረቡን የሚያውጅ ምልክት ሆኖ ተነበበለት።

ዌስሊ ለወዳጆቹ ሳይነግር ሕፃኑን ይዞ ሸሸ። እርዳታ ፈላጊ መስላ የቀረበችው ጀስቲን የተባለች ሴት ግን ጉሮሮውን በቢላዋ ቆርጣ ሕፃኑን ለሆልትዝ ወሰደችለት፤ ሆልትዝም ኤንጀል ነፍሱ ሳትመለስለት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ ቤተ ሰቡን የፈጀበት ሰው ነበርና ብላቴናውን ታቅፎ ወደ አንድ የሲኦል ዓለም ገባ። ኋላ እንደ ታወቀው ትንቢቱ ሐሰት ነበር። እውነተኛው ቃል ኮነር አድጎ ሳህጃን የተባለውን ጋኔን እንደሚገድል ይናገር ስለ ነበር፣ ጋኔኑ ሞቱን ለማምለጥ ጽሕፈቱን ለውጦታል። ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ከታየባቸው ተከታታይ ክፍሎች አንዱ «ታማኝነት»፣ ሌላው «ይቅር ማለት» ተብለው መሰየማቸው፣ ደራስያኑ የሚነሣውን ሙግት አስቀድመው ያወቁት መሆናቸውን ያሳያል።

የዌስሊ ጠበቆች የሚሉት አጭርና ጽኑ ነው፤ ሕፃን ሊገደል መሆኑን ያመነ ሰው እጁን አጣምሮ ቢቀመጥ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር ከዳተኛ የሚባለው ይላሉ፤ ደግሞም ጠላቶቹ በተንኮል የሕፃኑን ደም በኤንጀል መጠጥ ውስጥ ይጨምሩ ስለ ነበር የአባትየው ጠባይ በእውነት ተለውጦ ነበርና ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሳሾቹ ደግሞ ወዳጁን ከማነጋገሩ በፊት የወዳጁን ጠላት ሆልትዝን ማነጋገሩን ያነሣሉ። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ ፍሬድ የተባለችው ባልንጀራው በሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆማ የሰነዘረችውን ወቀሳ አከብዳለሁ፤ እርስዋ ስለ ሕፃኑ መወሰድ ብቻ ሳይሆን ወደ እኛ መጥተህ ልትነግረን፣ ልታምነን ይገባ ነበር ብላ ነው የከሰሰችው።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ከብዙ ተሟጋች ይልቅ አስተዋይ ነው። አመነ፣ ታመነ፣ ታማኝ፣ እምነት፣ ሃይማኖት የሚሉት ቃላት ሁሉ ከአንድ ሥር ይወጣሉና፣ የሚታመን ሰው ራሱ የሚያምን ሰው መሆን እንዳለበት የቃሉ ሥር ይመሰክራል። ዌስሊ ለኤንጀል ታመነለት፤ ነገር ግን አላመነውም። ለወዳጁ መልካም ነገር ሲል ራሱን ለመጣል የተዘጋጀ፣ ወዳጁን ግን እንደ አደጋ እንጂ እንደ ወዳጅ ያላየ እንግዳ ታማኝ ሆነ። የግእዙ ወንጌልም ለጴጥሮስና ለይሁዳ አንድ ግሥ አልሰጠም፤ ጴጥሮስ ክሕደ ተባለ፣ ይሁዳ ግን አግብአ፣ ማለት አሳልፎ ሰጠ ተባለ። ዌስሊ አልካደም፣ አሳልፎ ሊሰጥም አላሰበም፤ ሆኖም ብላቴናው በእርሱ እጅ በኩል ወደ ጠላት አለፈ። ለእንዲህ ያለው ሰው የትኛው ግሥ እንደሚሰጠው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አባት ልጁን ይገድላል ሲባል የአብርሃምን ነገር የማያስብ የለም። የዴንማርኩ ፈላስፋ ኪርከጎር እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ፍርሃትና መንቀጥቀጥ» አብርሃም ለማንም ሳይነግር ወደ ተራራው መውጣቱን ብዙ ተራቅቆበታል፤ እኔ ግን ሐሳቤ የሚሄደው ከአህያው ጋር ከተራራው ግርጌ ወደ ቀሩት ሁለት ብላቴኖች ነው። ከእነርሱ አንዱ የጌታውን ምሥጢር በሌሊት አውቆ ይስሐቅን ሰርቆ ቢሸሽ ኖሮ ምን ይባል ነበር? ሕፃን አዳነ ብለን እናመሰግነው ይሆናል፤ ነገር ግን በዕፀ ሳቤቅ የተያዘውን በግ ሳያይ፣ ጌታውንም ለዘለዓለም ነፍሰ ገዳይ አድርጎ እያሰበ ይሞት ነበር። ዌስሊ ያ ብላቴና ነው።

ትርጓሜን በጉባኤ የሚማሩ የአገራችን ሊቃውንት የዌስሊን ስሕተት ለማየት ጊዜ የሚፈጅባቸው አይመስለኝም። መምህሩ ንባቡን አንብቦ ከፈታ በኋላ አንድም ይላል፤ ሌላ ምሥጢር ያመጣል፤ ደግሞ አንድም ይላል፤ ይህንንም ለብቻው ሳይሆን በደቀ መዛሙርቱ መካከል ተቀምጦ ያደርገዋል፤ ከሌላ ብራና ጋር አስተያይቶ የጸሐፊን ግድፈት ማረምም የሙያው ክፍል ነው። ዌስሊ ግን በሩን ዘግቶ፣ አንድ ንባብ ይዞ፣ አንድ ፍች ብቻ ፈታ። የሚያሳዝነው ደግሞ ያ የሐሰት ቃል እንኳ አንድም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በታየው የአራተኛው ዙር መጨረሻ ኤንጀል፣ ከሲኦሉ ዓለም ጎልምሶ በተመለሰውና ተስፋ ቆርጦ ራሱንና ሌሎችን ሊያጠፋ በተነሣው ኮነር ላይ ቢላዋ አንሥቷል፤ ይኸውም በሌላ ቤተ ሰብ መካከል፣ በሌላ ትዝታ፣ አዲስ ሕይወት እንዲያገኝ ነበር። አባት ልጁን ገደለ፣ ልጁም በሕይወት ኖረ። ጋኔኑ ይህን አላሰበም፤ ተርጓሚውም ሊገምተው አልቻለም።

የሙሴ ሕግ ሳያውቅ ነፍስ ላጠፋ ሰው የሚሸሽባቸው 6 ከተሞች ለይቶለታል፤ ሳያውቅ ወዳጁን ለከዳ ግን ከተማ አልተሠራለትም። ለዌስሊ የደረሰው የሆስፒታል አልጋ ነው። ጉሮሮው ተቆርጦ መናገር በተሳነው ጊዜ፣ በፈቃዱ ዝም ያለው ሰው ያለ ፈቃዱ ዝም ብሎ ሳለ፣ ኤንጀል መጥቶ በረጋ ድምፅ አነጋገረውና ትራሱን አንሥቶ ፊቱ ላይ ጫነበት። ሌሎቹ ደርሰው ባያስጥሉት ኖሮ ሙግቱ በዚያ ባበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮነር ከሲኦሉ ዓለም ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰና አባቱን በብረት ሣጥን ዘግቶ በባሕር ወለል ላይ ጣለው። ሦስት ወር ሙሉ በጀልባ እየዞረ የፈለገው፣ ከቀድሞ ማኅበሩ የተባረረው ዌስሊ ነበር። ይህን ሲያደርግ ጀስቲንን በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ እያሰረ አስገድዶ ማሠራቱን ጠበቆቹ ፈጠን ብለው ያልፉታል፤ እኔም ብሆን ባላየሁት እመርጥ ነበር። ሣጥኑ ተጎትቶ በወጣ ጊዜ ኤንጀል በረኃብ ደርቆ፣ የሚያየውና የሚያልመው ተደባልቆበት ነበር። ዌስሊ ይቅርታም አልጠየቀ፣ ምክንያትም አልዘረዘረ፤ ክንዱን በቢላዋ ሰንጥቆ ሊገድለው ወደ ሞከረው ሰው አፍ አቀረበው፤ በአንገቱ ላይ ያለው ጠባሳም ገና አልጠፋም ነበር።