የኦርዮ ሚስትና የፔክቱ ጎጆ



በሰሜን ኮሪያ በፔክቱ ተራራ ጫካ አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች። መንግሥት ያሳተመው ታሪክ ኪም ጆንግ ኢል እ.ኤ.አ. በ1942 በዚያ ተወለደ ይላል። የሶቪየት መዛግብት የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ የተወለደው በ1941 በሶቪየት ምድር፣ በካባሮቭስክ አቅራቢያ ባለች መንደር ነው። አባቱ ኪም ኢል ሱንግ ከጃፓኖች ሸሽቶ በዚያ ነበር። ጎጆዋም የተሠራችው በ1980ዎቹ፣ ልጁ ወራሽ መሆኑ ከተገለጸ በኋላ ነው።

ተራራው ስለ ምን አስፈለገ? ኮሪያውያን የነገዳቸው ምንጭ አድርገው ከጥንት ያከብሩታልና ነው። በ1994 አባትየው ሲሞት ልጁ ወረሰ፤ በ2011 ደግሞ የልጅ ልጁ ኪም ጆንግ ኡን፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው። ይህ ወጣት ጦር ሜዳ አልዋለም፤ ማስረጃው ደሙ ብቻ ነው። በ2013 ሥልጣን በፔክቱ ደም እንዲቀጥል በፓርቲው መመሪያ ተጻፈ። እናቱ ግን በጃፓን፣ በኦሳካ ከተማ የተወለደች ናትና ስሟ በይፋ አይነገርም።

በእኛም አገር በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥር ነበር። ታዲያ ሰሎሞን ራሱ በቅዱስ መጽሐፍ እንዴት ተጻፈ? ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር የሰሎሞንን እናት የኦርዮ ሚስት የነበረች መሆኗን ሳይሸሽግ ጻፈ (ማቴ. 1፥6)። ዳዊት ባሏን እንዳስገደለ፣ ናታንም ፊት ለፊት እንደ ገሠጸው በ2ኛ ሳሙኤል 11 እና 12 እናነባለን። የዳዊት ሕዝብ ይህን ሳይፍቅ ለልጅ ልጁ አስተላለፈ።

እኛ ግን ፍቀናል። ባለፈው ዓመት የማኅበራችንን ታሪክ ለበዓሉ ስናዘጋጅ መዘምራን ተጣልተው ለሁለት የተከፈሉበትን ዓመት ዘለልነው። አዲሱ ሰብሳቢያችን በጸቡ እጁ ነበረበት፤ በተመረጠ በሳምንቱ ነገሩ እንዳይነሣ ብለን ነው። ማንም አላዘዘንም፤ እርሱም አልጠየቀንም። በዚያ ጸብ አዝነው ከመካከላችን የቀሩ ሁለት እኅቶች ጽሑፉን አንብበው «እኛስ የት ገባን?» ሲሉ ጠየቁን። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠናቸውም። የዘለልነውን ዓመት ለሚቀጥለው እትም መጻፍ ጀምረናል፤ ረቂቁንም ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው።