የወህኒ ጠባቂው ቤት

የሚነበበው ቃል፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥25-34፤ 28፥30-31



በኻርቱም ከተማ ሳጃና የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙም በዐረብኛ የወህኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። ከአጠገቡ ካለው ከዴም ጋራ ለብዙ ዘመን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች የተጠጉበት ስፍራ ነበረ።

ለትምህርት ወደ ትልቅ ከተማ የሚመጣ ልጅ ከመጽሐፍ አስቀድሞ የሚፈልገው ራሱን የሚያስጠጋበት ጣራ ነው። ክፍል አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እርሱ ግን የማን ልጅ ነህ፥ ዋስህ ማን ነው፥ የስንት ወር ትከፍላለህ ተብሎ ይጠየቃል። ሲመሽ እግሩ ይዝላል፤ ከእግሩም ይልቅ ልቡ ይዝላል። ጌታችንም በቤተ ልሔም ማደሪያ ታጥቶለት በግርግም እንደ ተኛ እናስብ።

የሳጃናን ስም ስንሰማ በፊልጵስዩስ የነበረው ያ የወህኒ ጠባቂ ይታሰበናል። ሥራው በር መዝጋት ነበረ። ባመነባት ሌሊት ግን የጳውሎስንና የሲላስን ቁስል አጠበ፤ ወደ ቤቱም አስገብቶ መገባቸው። እምነቱ በቤቱ ደጃፍ ታወቀ። ኋላም ጳውሎስ ራሱ በሮም ቤት ተከራይቶ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ተከራይም እንግዳ ሊቀበል ይችላልና የእኛ ድህነት ምክንያት አይሆንልንም።

በ1977 ዓ.ም. በረኀብ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት ምክንያት ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ድንበር ተሻግረው በሱዳን ተጠጉ። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጦርነት በኻርቱም ላይ ወረደ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕዝቡም ተበተነ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። ትናንት ደጅ የከፈተልን ዛሬ ደጃችንን ያንኳኳል። ዛሬ በአዲስ አበባ ክፍል ፍለጋ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞረው ተማሪ ወገኖቻችን የተጠጉበት የዚያ ቤት ልጅ ቢሆን ምን እንመልስለታለን?

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር የሚበልጥ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ የኪራዩም ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ይህ መልካም ነው። ሕግ ግን የአከራዩን እጅ ይገታ እንደ ሆነ እንጂ ልቡን ሊከፍት አይችልም። ልብን የሚከፍት ወንጌል ነው፤ እኛ ራሳችን ዋስ ሳይኖረን፥ የምንከፍለውም ሳይኖረን፥ በልጁ ደም ወደ አብ ቤት ገብተናልና።

እንግዲህ ቤት ያለን፥ ዋጋውን የማያውቀውን እንግዳ ኪራይ አናብዛበት። ክፍል ብቻ ያለን፥ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ምንጣፍ እናካፍለው። ይህም የሌለን፥ አብረነው ወጥተን እንፈልግለት፤ ዋስም እንሁንለት።

ማደሪያ ያልተገኘልህ ጌታ ሆይ፥ የተዘጋውን ደጃችንን ክፈት። አሜን።