ለተፈታ ሰው ተያዥ ሁኑ

ልጆቼ፣ ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው በር ላይ የሚቀበለው ዘመድ አያጣም። እልልታውም ድፎ ዳቦውም ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ጥበቃ ልቀጠር ሲል ተያዥ አምጣ ይሉታል፤ ሌላ ቦታ ሲሄድ የፖሊስ አሻራ ይጠይቁታል፤ ቤት ልከራይ ሲል አከራይዋ ከዚህ በፊት የት ይኖር እንደነበር ታጣራለች። ይህ ሁሉ በር የሚከፈተው «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ ነው። እናንተ ያ ሰው እንድትሆኑ ነው የምፈልገው።

ሥራው የሚጀመረው እሱ ከመውጣቱ በፊት ነው። ጠባዩ የተመሰከረለት ታራሚ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላልና ቤተሰቡ ጊዜውን ቀድሞ ያሰላዋል። ታዲያ ለድግሱ በግ ከመገዛቱ በፊት ሽማግሌ ይላክ፤ በተለይ ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ከሆነ። ፍርድ ቤት ይቀጣል፣ ደም ማድረቅ ግን ለሽማግሌ የቀረ ሥራ ነው። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም ይባል የለ? በገጠሩማ የሟች ወንድም ዓመቱን ሲቆጥር የኖረው ከገዳይ እናት እኩል ነው። ካህናት መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌ ደጅ ጠንቶ፣ ካሳው ተቆርጦ፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቅበትን ወግ እንደ ድሮ ነገር የምትንቁ ካላችሁ፣ አትናቁት። እርቅ ያልወረደለት ሰው ማሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ማረም አይችልም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። በዕድሜያችሁ ሽማግሌ ባትሆኑም ሽማግሌዎቹን ማመላለስ፣ የሟችን ቤት መጠየቅ፣ ለልጆቹ ደብተር መግዛት ትችላላችሁ። እምቢ ከተባላችሁ ደግሞ አታስጨንቁ። ተበዳይ ይቅር የማለት ዕዳ የለበትም፤ ለሰውየው ሌላ አገር ፈልጉለት።

ሌላው የመርዶ ነገር ነው። እስር ቤት ሳለ እናቱ ሞታ ያልተነገረው ሰው ሞልቷል። ጠያቂው ሁሉ «ትንሽ አሟት ነው» እያለ ዓመት ያልፋል። በሩ ላይ ዓይኑ እሷን ሲፈልግ ዘርግፎ የሚነግረው ቸኳይ አይጠፋም። አስቀድማችሁ ተማከሩ። ሌሊቱን ይደር፤ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ እንደ ወጉ ይረዳ፤ ድንኳን ይተከል፣ ጎረቤት ለቅሶ ይድረሰው። የእድር ዳኛ ሆኜ እንዳየሁት፣ ሰውን ከሰፈሩ ጋር እንደ ለቅሶ ቤት ቶሎ የሚያገናኘው ስብሰባም ሥልጠናም የለም። አብሮት ያለቀሰለትን ሰው በማግስቱ «እስረኛው» ብሎ ለመጥራት ማን ይደፍራል? የእድሩን ውዝፍም በአንዴ ክፈል አትበሉት፤ ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ጥቂት ይጨምር።

ወደ እንጀራው ልምጣ። ማረሚያ ቤቶች ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ልብስ ስፌት ያስተምራሉ፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ሙያ ይዞ፣ መሣሪያ ሳይዝ ይወጣል። ብር አዋጥታችሁ ኪሱ ከምትከቱለት ድርና ማጉን ገዝታችሁ አንድ ጋቢ እዘዙት፤ ዋጋውንም እንደ ማንኛውም ሸማኔ ክፈሉት። ማረሚያ ቤቱ የሰጠውን ሰርተፍኬት ማሳየት ካሳፈረው ሲኦሲ የምትሉትን የብቃት ምዘና ይፈተን። ቀጣሪዎች የሆናችሁ «የት ይሄድብኛል» ብላችሁ ደመወዝ አትቁረጡበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ክፈሉት፤ ባዶ ኪስ ይዞ ለወጣ ሰው ወር ሩቅ ነው። በስርቆት ታስሮ የነበረውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ተቀባይ አታድርጉት። እንዲህ የምለው ለእሱ አዝኜ ነው፤ ሒሳብ በጎደለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ እሱ ነውና። ስልኩንም አስተምሩት፤ ከ2013 በፊት የታሰረ ሰው ቴሌብር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ለመጠየቅም ያፍራል።

ተያዥ ስትሆኑ ግን በብልሃት ይሁን። የምትፈርሙበት ወረቀት ላይ የገንዘቡ ልክ መጻፉን እዩ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የዋሱ ኃላፊነት እስከ ስንት ብር እንደሆነ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። አንዳችሁ ብቻውን ከሚሸከም ሦስት አራት ሆናችሁ ተካፈሉት። ለእሱም ቢጠፋ ማን ምን እንደሚከፍል ፊት ለፊት ንገሩት፤ አይቀየምም፣ ይልቅ ያከብራችኋል።

ሴቶቹን ለብቻ ላንሳቸው። ለወንድ ስንቅ የምታመላልስ እናት ወይም ሚስት አትጠፋም፤ ሴት ስትታሰር ግን ጠያቂዋ ቶሎ ይሳሳል። ስትፈታ ባል ሌላ አግብቶ፣ ልጆች ተበታትነው ይጠብቋታል። ለእሷ ከሥራ በፊት የምታድርበት ቤትና ልጆቿን የሚያሰባስብላት ሰው ይቅደም፤ እህቶች፣ ይህ ከወንዶቹ ይልቅ ለእናንተ ይቀላል።

በመጨረሻ፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት የሕግ በር አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ አምስት ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ሁለት ዓመት ካለፈው፣ ካሳውን ከከፈለና በጠባዩ ከታመነ፣ ፍርዱ ከመዝገቡ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት በኋላ የድሮ ጥፋቱን በክፋት እያነሳ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነቴን ነው» ማለትም አያድነውም። ሰውየው የተፈታበትን ወረቀትና የካሳውን ደረሰኝ ዛሬውኑ አስቀምጡለት። ጊዜው ሲደርስ ማመልከቻ መጻፍ ከከበደው ከእናንተ አንዱ ይጻፍለት፤ ችሎት ድረስም አብሮት ይሂድ።