ድምፅና ምንጩ

ከሞተር ፊት «ኳ፣ ኳ» የሚል ድምፅ ሲሰማ የብዙዎቻችን ጣት ወዲያው ወደ ቺንጋው ይቀሰራል። ነገሩ ግን የጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምልክትን ሰምቶ ምክንያትን ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። መስማት ጥርጣሬን ይወልዳል እንጂ እውቀትን አይሰጥም እላለሁ። ብረት ድምፅን ያሻግራልና፣ የተበላው የዲናሞው ኩሽኔታ ሆኖ ሳለ የሚንኳኳው የውኃ ፓምፑ ሊመስል ይችላል። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ያብራራው ዘዴ እዚህ ይሠራል፦ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትቶ አንዱን ብቻ መለወጥ። የውጭውን ቺንጋ አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች ማስነሳት ነው። ድምፁ ካልጠፋ ምንጩ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ዕቃዎች ውጭ ነው። ከጠፋ ደግሞ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ማሽከርከር ይቀራል፤ ጤነኛው በልስላሴ ይዞራል፣ የተበላው ይሻክራል፣ ይወላገዳል።

«ልምድ ያለው ጆሮ ይህን ሁሉ አያስፈልገውም» የሚሉ አሉ። ልምድ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያመለክታል፤ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው ግን ፈተናው ነው። የከበደው ተቃውሞ ዝምታም ያታልላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጎማው የላላ የክራንክ ሻፍት ፑሊ ቺንጋው ሲወልቅ ጭነቱ ስለሚቀልለት ዝም ሊል ይችላል። ይህ ግን ፈተናውን አያፈርስም፤ አንድ ፈተና ጥርጣሬን እንደሚያጠብ እንጂ ፍርድ እንደማይሰጥ ያስተምራል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህ ነው። በሰውም ላይ ስንፈርድ የጮኸውን ሁሉ ጥፋተኛ ከማለት መታገስ የፍትሕ መጀመሪያ ነው።