ስለትና አደራ

መልካም ቢላዋ ያለው ሰው ምን ያህል ሊሠራበት ይገባዋል? ከሲያትል ወደ ካስኬድ ተራሮች ጫካ ለሚወጣ ወገናችን ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አደራን የሚመለከት ነው።

አንዱ ውድ ነውና አይነካ ብሎ በአፎቱ ይዘጋበታል። በዚህ ዝናባማ አገር በእርጥብ የቆዳ አፎት የተረሳ ተራ ብረት ግን ሳይሠራ ይዝጋል። ሌላው ጽኑ ነው ብሎ ደንደሱን እየደበደበ ግንድ ይፈልጥበታል፤ ድንጋይ ይፈነቅልበታል። እጅግ የጠነከረ ብረት ስለቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲያጣምሙት ግን መተጣጠፍ አያውቅምና ይሰበራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ሠሪው የሚከበረው ደግሞ ሥራው ለታሰበለት ጉዳይ ሲውል ነው። ቢላዋ የተሠራው እንዲቆርጥ ነው፤ ስለዚህ ማስቀመጡም ማንገላታቱም የሠሪውን ድካም መናቅ ነው። ገመዱንና ሥጋውን ይቁረጥ፤ ግንዱ ለመጥረቢያ ይተው። እየተሳለ ቢያልቅ ክብሩ ነው።

በብርድ የተያዘ ሰው እሳት ቢያስፈልገውና መጥረቢያ ቢታጣ ግን፣ ያለ ስስት ይፈለጥበት። ለታይታ የተሰበረ ብክነት ነው፤ ለነፍስ የተሰበረ ግን ሥራውን ፈጽሟል።