አለቃ እውነቱን ከማን ይሰማል?

የመሪነት ኮቺንግ፣ ማለትም አለቃን ሥርዓት ባለው ተከታታይ ውይይት ማገዝ፣ አለቆችን ያሻሽላል የሚለውን አባባል ገሚሱ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል፤ ገሚሱም ሳይመረምር ይጥለዋል። የሚቀበሉት በአብዛኛው የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያዎች ናቸው። የሚጥሉት ደግሞ ከቢፒአር እስከ ቢኤስሲ ስንት የአሠራር ማሻሻያ ምሕጻረ ቃል በመሥሪያ ቤታቸው በር ገብቶ ሲወጣ ያዩ ሠራተኞች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዤ ልጓዝ። ሃያ ዓመት አብሮት የኖረ ጠባይ ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ሥርዓት ባለው ውይይት የሚለወጠው በምን ምክንያት ነው? የሚለወጥ ከሆነ ማለቴ ነው።

ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ዕውቀት አግኝቶ» የሚለው ነው። ይህ መልስ ብዙ አያስኬድም። ሰው ማዳመጥ እንደሚገባ፣ ሥራን ማከፋፈል እንደሚሻል፣ ሠራተኛን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር እንደሆነ የማያውቅ አለቃ የት ይገኛል? ስለማዳመጥ ጥሩ ንግግር አድርገው፣ ከአዳራሹ ጥያቄ ሲነሣ ግን ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰዎች ሞልተዋል። የጎደለው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ቢሾፍቱ ላይ የሚሰጠው የሦስት ቀን ሥልጠና ይበቃን ነበር። አበሉ ይከፈላል፣ የምስክር ወረቀቱ ይታደላል፣ የቡድን ፎቶ ይነሣል፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም እንደ ድሮው ነው።

ጎደለ የምለው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አቱል ጋዋንዴ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዮርከር መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነገሩን በቅርብ ያሳየናል። ጋዋንዴ ስምንት ዓመት ቀዶ ሕክምና ከሠራ በኋላ ችሎታው ከፍ ማለቱን እንዳቆመ ተሰማው። በተማሪነቱ ዘመን ያሠለጠነውን፣ በኋላ ጡረታ የወጣውን ሐኪም ሮበርት ኦስቲንን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ እንዲመለከተው ጠየቀው። ሥራው ያለ እንከን ተጠናቀቀ፤ ጋዋንዴም የሚነገረው ብዙ ነገር ይኖራል ብሎ አልጠበቀም። ኦስቲን ግን ማስታወሻ ይዞ ነበር። የሐኪሙ ክርን አልፎ አልፎ ወደ ትከሻው ከፍታ ይወጣል፤ ያኔ እጁ ይዛነፋል። በሽተኛው የተሸፈነበት ጨርቅ የተዘረጋው ለጋዋንዴ በሚመች መንገድ ነው፤ ማዶ የቆመው ረዳት ግን እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አልቻለም። መብራቱም ከሚሠራበት ቦታ ሸርተት ብሎ ቆይቷል፤ ጋዋንዴ አላስተዋለም።

እዚህ ላይ አንድ የምጨምረው አለ፤ ግምቱ የእኔ ነው። ቦታ የጠበበው ረዳት ቦታ እንደጠበበው ያውቅ ነበር። የመብራቱን መንሸራተት ከቆሙት ነርሶች አንዷ ሳታየው አትቀርም። ኦስቲን ያመጣው ምስጢር አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ በእጃቸው የያዙትን ነገር ነው ለአለቃው ያደረሰው። የሚገርመው እንግዲህ የጋዋንዴ አለማየት አይደለም፤ ማንም ሰው ክርኑን አያይም። የሚገርመው ሌሎቹ የሚያዩት ነገር ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ወዳለው ሰው አለመድረሱ ነው።

ሥልጣን ወሬን እንዲህ ያግዳል። የእኛ አበው ይህን አልሳቱትም። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ገዥ ወግ ነበር ሲባል ሰምተን አድገናል። ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚያንጎራጉረው የአገሩ ስሜት ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። እረኛው የሚነጠቅ ሹመት የለውም፤ ሲያዜምም የሚሰማው ያለ አይመስለውም። ግብር ላይ የተቀመጠው መኰንን ግን የሚሰማውን ሳይሆን የሚያስከብረውን ይናገራል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ የሚተርት አገር ለንጉሡ ሌላ ጆሮ ቢፈልግለት አይደንቅም። ዛሬ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሚሞላው የ360 ዲግሪ መጠይቅ፣ ስም ሳይጻፍበት ከበላይም ከጎንም ከበታችም ስለ አለቃው የሚጠይቀው ማለት ነው፣ ከዚሁ ፍላጎት የተወለደ ነው። ወሬ ማግኘት ግን የመንገዱ መጀመሪያ ብቻ ነው። የእረኛውን ዘፈን ሰምቶ እረኛውን ያስያዘ ገዥም አይጠፋም።

ስለ ኮቺንግ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው መንገድ እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ነው፤ ሰውዬው ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር። ኮቹ አይመክርም፣ ይጠይቃል። ምን ትፈልጋለህ? አሁን ያለኸው የት ነው? ምን ምን አማራጭ አለህ? ምን ለማድረግ ቆርጠሃል? ጥያቄዎቹ መልካም ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ ግን እሰናከላለሁ። «አሁን ያለኸው የት ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው የራሱን ክርን ማየት የማይችለው ያው ሰው ነው። ጠያቂው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ተጠያቂው ከሌለው ነገር አውጥቶ አይሰጠውም።

ስለዚህ ከሥርዓቶቹ ሁሉ የሚያሳምነኝ ለኮቹ ሳይሆን በመሪው ዙሪያ ላሉ ሰዎች ዋናውን ቦታ የሚሰጠው ነው። ይህን በይፋ ያራመደው አሜሪካዊው ማርሻል ጎልድስሚዝ ነው። ክፍያውን የሚቀበለው መሪው መሻሻሉን አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ሲመሰክሩ ብቻ ነው። አካሄዱን በምሳሌ ልያዘው። ወይዘሮ እገሊት የአንድ መካከለኛ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው እንበል። ኮቹ የቦርድ ሰብሳቢውን፣ የፋይናንስ ኃላፊውን፣ የግዢ ክፍል ኃላፊዋን፣ ሌሎችንም ለየብቻ ያነጋግራል። ቃላቸውን ያለ ስም ሰብስቦ ያመጣል። «ሳልጨርስ ‹ገባኝ፣ ገባኝ› ይሉኛል።» «ሐሳብ ሳቀርብ ትንሽ ይጨምሩበትና የራሳቸው ይሆናል።» ሥራ አስኪያጇ አንብበው መጀመሪያ የሚሉት «ይህን ያለው ማን እንደሆነ ዐውቄዋለሁ» ነው። ኮቹ አዎም አይልም፣ አይደለምም አይልም። ሁለተኛው ቃላቸው ማስረዳት ነው፤ ጊዜ የለም፣ ሠራተኛው ያንዛዛል፣ ደንበኛ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሳምንት ቆይተው ግን አንድ ነገር ብቻ ይመርጣሉ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አለመግባት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። ሥራ አስኪያጇ ወደ ግዢ ክፍል ኃላፊዋ ሄደው «ብዙ ጊዜ ሳላስጨርስሽ አቋርጬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለሚቀጥለው ወር ምን ባደርግ ይሻላል ትያለሽ?» ይላሉ። ስላለፈው ክርክር አይነሣም። ለሚሰጣቸው ሐሳብም መልሱ «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው፤ «ግን እኮ» ማለት አልተፈቀደም። የመጀመሪያው ወር መልስ ምን እንደሚሆን ማንም ይገምታል። «ኧረ እርስዎ ምንም አላጠፉም! እኛ ነን እንጂ የምናበዛው።» በሁለተኛው ወር ይኸው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ መልሱ ትንሽ ይለዝባል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር፣ እስካሁን ማንም እንዳልተቀጣ ከታየ በኋላ፣ ኃላፊዋ «የጨረታውን ጉዳይ እኔ እስከ መጨረሻው ላቅርበውና እርስዎ በስተኋላ ቢናገሩስ?» ትላለች። እስከዚያች ዓረፍተ ነገር ድረስ ለመድረስ ነው ያ ሁሉ ጊዜ የሄደው።

እንግዲህ ለጥያቄዬ የማቀርበው መልስ ይህ ነው። ሥርዓቱ አስቀድሞ የሚለውጠው በመሪው ዙሪያ ያለውን ዝምታ ነው፤ መሪው የሚያድገው ዝምታው በሳሳ መጠን ነው። የየወሩ ድግግሞሽ መሪውን ለማስታወስ ብቻ የተቀመጠ ይመስላል፤ የበታቾቹን ፍርሃት መፈተኑ ግን ይበልጣል። አንድ ጊዜ የሚጠይቅ አለቃ ወግ ያደርሳል። አምስት ጊዜ የሚጠይቅ፣ በአምስቱም የማይቆጣ አለቃ ግን ማስረጃ ይሰጣል። ጎልድስሚዝና ሃዋርድ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ከስምንት ድርጅቶች ከ86,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን ምላሽ ይዞ የደረሰው ወደዚህ ነው። ከሥልጠና በኋላ እየተመለሱ የጠየቁ መሪዎች እንደተሻሻሉ ባልደረቦቻቸው መሰከሩ፤ ያልጠየቁት ላይ የታየው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጥናቱን የሠሩት የሥራው ባለቤቶች መሆናቸው አይረሳ። እየተመለሰ የሚጠይቅ ሰው ከመነሻው ትሑት ሊሆን ይችላልና፣ ለውጡን ያመጣው መጠየቁ ነው ወይስ ጠባዩ የሚለውን አኀዙ ብቻውን አይለይልንም።

አሁን አገሬው አንባቢ ሳያነሣው የማይቀረው ተቃውሞ አለ። «ይህን እኛ አይተነዋል፤ ስሙ ግምገማ ነው» ይለኛል። ሂስና ግለ ሂስ ድሮም ነበር። በትጥቅ ትግሉ ዘመን ሥር የሰደደው ግምገማ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወርዶ የበታች አለቃውን፣ ባልደረባ ባልደረባውን ፊት ለፊት የሚተችበት መድረክ ሆነ። ወሬው ወደ ላይ እንዲወጣ ከሆነ የሚፈለገው፣ ከግምገማ የበለጠ ምን ይምጣ? አለቃው ተቀምጦ ሰዓታት ያህል ስሕተቱን ይሰማ ነበር እኮ።

ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ልዩነቱን በትክክል እንድናስቀምጥ ያስገድደናል። በሁለቱም ዘንድ ጥሬ ዕቃው አንድ ነው፤ የበታች ስለ አለቃው ያለው ዕውቀት። ግምገማ ግን ይህን ዕውቀት ከእንጀራ ጋር አሰረው። ከመድረኩ ሲወጡ ሹመት ይነሣል ወይም ይሰጣል፤ ስለዚህ ተናጋሪው የሚያውቀውን ሳይሆን የሚያዋጣውን ይመርጣል፣ ተገምጋሚውም ከማዳመጥ ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደመከረ ያሰላል። ሲብስም ግለ ሂስ ራሱ ጥበብ ይሆናል፤ ትንሿን ጥፋት አምኖ ትልቋን መሸፈን። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው ያገኙት ውጤት ምክንያቱን ይጠቁማል። ለሰው ስለ ሥራው አስተያየት መስጠት በአማካይ ይጠቅማል፤ ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ግን ውጤቱን ዝቅ አድርጎታል። አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ማንነቱ ባዞረ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። «ስብሰባ ላይ ‹ገባኝ› አይበሉ» የሚለው ስለ አንድ ድርጊት ነው። «ዴሞክራሲያዊ አይደሉም» የሚለው ደግሞ ስለ ሰውየው ነው፤ ለዚህ ማንም ለሚቀጥለው ወር የሚሆን ሥራ አያገኝለትም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይረቃል። ሥራ አስኪያጇ ማቋረጥ ቢያቆሙ፣ በልባቸው ግን አሁንም የሚሰሙት ሁሉ ከንቱ ቢመስላቸውስ? አደጉ እንላለን ወይስ ማስመሰል ተማሩ? አርስቶትል ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅ ሥራ በመሥራት ነው ብሎ ያስተማረውን እዚህ ልጠራው እችላለሁ፤ ግማሽ መንገድ ይወስደኛል። ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው አንድ ቀን ያልጠበቀውን ቁም ነገር መስማቱ አይቀርም፤ የሰማው ቁም ነገርም አስተያየቱን ያናጋዋል። ባያናጋው እንኳ የግዢ ክፍል ኃላፊዋ ዓረፍተ ነገሯን ጨርሳለች። መሪነት በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ የሚያርፍ ነገር ስለሆነ፣ ያረፈባቸው ሰዎች የቀመሱት ለውጥ የውሸት ለውጥ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ግማሹ ግን ይቀራል። ይህ ሥርዓት መሪው ወዴት እየመራ እንደሆነ አይጠይቅም። በጥሞና እያዳመጠ፣ በትሕትና እያመሰገነ ድርጅቱን ወደ ገደል የሚወስድ ሰው በመጠይቁ ላይ ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ትልልቅ ቤቶቻችን የንስሐ አባት የነበራቸው ለሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የንስሐ አባት ጌታውን «እንዴት አዘዝህ?» ብቻ ሳይሆን «ያዘዝኸው ነገር ተገቢ ነበር ወይ?» ለማለትም ሥልጣን አለው። ሁሉም ደፍረው ይሉ ነበር ማለቴ አይደለም። ኮቹ ግን ያ ሥልጣን ከመነሻው የለውም፤ ደሞዙን የሚቆርጥለት ድርጅቱ ነው፣ ውሉም ስለ ጠባይ ነው። ከአቅሙ በላይ ባንጭንበት ይሻላል።

በአቅሙ ልክ እንኳ እንዲሠራ ከተፈለገ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ጉዳይ አለ፤ የሚጠየቁትን ሰዎች ዝርዝር ማን ያወጣል? በተለመደው አሠራር መሪው ራሱ ከበላዩና ከኮቹ ጋር ተስማምቶ ያወጣዋል። መሪው የሚመርጠው ደግሞ የሚያከብራቸውን ነው፤ የሚያከብራቸው ብዙ ጊዜ የሚያከብሩት ናቸው። ማን ስንት ሰዓት በር ላይ እንደሚጠብቅ የምታየው ጸሐፊ፣ ከስብሰባ ሲወጣ በስልክ የሚናገረውን የሚሰማው ሾፌር፣ ባለፈው ዓመት ተጣልቶ ወደ ቅርንጫፍ የተዛወረው ባለሙያ ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። ውሉ ሲረቅ ስለ ክፍያና ስለ ምስጢር አጠባበቅ ብዙ ይጻፋል። እኔ ብጠየቅ ከዝርዝሩ ሢሶውን ኮቹ መሪውን ሳያማክር ይመርጣል የሚል አንቀጽ እጨምርበት ነበር። መሪው ያን አንቀጽ አልፈርምም ካለ ድርጅቱ ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ ኮቹም ቢሆን ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የሚያስፈልገውን ያህል ዐውቋል።