ደራሹንስ ማን ይድረስለት?

በባሏ የምትደበደብ ሴት «የሰው ያለህ!» ብላ ስትጮኽ ሰሚው ሊደርስላት ግዴታ አለበት። በዚህ የሚከራከር የለም። ግን ጥሪውን ሰምቶ የሚሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ኢማም ወይም የሰፈር ሽማግሌ ደኅንነቱ የማን አማና ነው?

ብዙዎቻችን «ለኸይር የወጣን አላህ ይጠብቀዋል» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። አባባሉ እውነት ነው። ሆኖም በሌላው ሰው ሕይወት ላይ «ተወከልኩ» የሚል ላኪ ኃላፊነቱን ሸሸ እንጂ ተወኩል አላደረገም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስር አስተምረውታል።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 35 በባልና ሚስት መካከል መለያየት ሲያሰጋ ከእርሱም ከእርሷም ቤተሰብ ሸምጋይ እንዲላክ ያዛል። ይህ ለሚዛናዊነት ነው። ለእኛ ግን ሌላም ትምህርት ይሰጠናል፤ ቁጣ ወዳለበት ቤት የሚገባ ብቻውን አይግባ፣ ከኋላው ወገን ይኑረው። ሽምግልናም ለአለመግባባት እንጂ ለተመዘዘ ቢላ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ያስቀጣል። እንዲህ ባለው ጊዜ ፖሊስ ይቅደም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እንመልከት። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸውም ቤት ለቤት ነው። በሚያገለግሉበት ሰፈር የሚኖሩም አሉ። እንዲህ ያለችው ሠራተኛ ዛሬ ያስቆጣችውን ባል ነገ ገበያ ላይ ታገኘዋለች። የሥራ ሰዓቷ ቢያበቃም አደጋው አያበቃም።

ስለዚህ ሁለት ሆነው ይሂዱ። የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ ሰው ይኑር። መሣሪያ ወይም የግድያ ዛቻ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ሚስቲቱን ባሏ በሌለበት ያነጋግሯት። የጠቆመው ሰው ማንነት አይውጣ።

«ሁሉም ለራሱ ከፈራ ለተበዳይዋ ማን ይደርሳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ማለት መቅረት አይደለም። ደራሹ ተደብድቦ ሲመለስ ባልየው «ማን አስጠራብኝ?» ብሎ የሚዞረው ወደ ሚስቱ ነው። በሚቀጥለው ጩኸትም ጎረቤት በሩን ይዘጋል። የደራሹ ደኅንነት ከተበዳይዋ ተቀንሶ የሚሰጥ ሳይሆን የእርሷም ከለላ ነው።

ውድ አንባቢያን! በየጀመዓችንና በየእድራችን እንጠያየቅ፤ ባለፈው የላክነው ሰው ከማን ጋር ሄደ? «በሰላም ገባህ ወይ?» ያለውስ ማን ነው? ከአጅሩ መካፈል የሚሻ ላኪ ኃላፊነቱንም ይካፈል።